ካፒቴኑ ባሕሩን ያየበት ጁምዓ

ሙስጠፋን ካፒቴን ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ለማሾፍ ነበር። የባቲ ሰው ነው፣ ዋና አይችልም፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን ሲሻገር ከሸራ ሥር ተኝቶ አንጀቱ እስኪላቀቅ ሲያስመልስ ነው ያደረው። እንዲህ ያለው ሰው ሪያድ መጥቶ የመርከብ ነገር አዋቂ ሲሆን ምን ልበለው? ካፒቴን አልኩት። ሰዉ ግን ቀልዴን የምር አደረገው። ሰፈራችን ዑድ ውስጥ ሙስጠፋ ብለህ ብትጠይቅ ማንም አያውቅልህም ነበር፤ ካፒቴን ካልክ የማእዘኑ ባለሱቅ ሳይቀር ቤታችን ድረስ ይወስድሃል። ከዚያች ጁምዓ ወዲህ ግን በዚያ ስም አልጠራሁትም፤ ሌላውም ሰው ቀስ በቀስ ተወው።

እኔ ጣሰው እባላለሁ፣ ቆቦ ነው ያደግኩት፣ ሥራዬ ልስን ነው። ቁጡ ነህ ይሉኛል፤ ሲሚንቶ ሲያቦካ የሚውል ሰው ምን ሊሆን ነበር? ከሙስጠፋ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ኖረናል። ክፍል አልኩ እንጂ ባለቤቱ አንዱን ሳሎን በኮምፔርሳቶ ከፋፍሎ ያከራየው ነው። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ሰዒዳ ከባሏ ጋር ትኖራለች። እሷም የባቲ ልጅ ናት፤ ራውዳ ውስጥ ሰው ቤት እያጸዳች ትውላለች። እነሱ ዘንድ ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው ከፍራሻችን ሳንነሳ ነው። ሚስጥር የሚባል ነገር በዚያ ቤት አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሙስጠፋ ሙረባዕ ሰፈር አጠገብ ባለ መክተብ፣ ማለት ቢሮ፣ ሻይ ያፈላ ነበር፤ ወለሉንም ያጸዳል። መክተቡ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ነው። ሪያድ ባሕር የላትም፣ በየትም በኩል ብትነዳ ግማሽ ቀን አሸዋ ነው። ወደብ ግን አላት። ደረቅ ወደብ ይሉታል፤ ደማም ላይ ከመርከብ የወረደው ኮንቴይነር በባቡር በረሃውን አቋርጦ እዚህ ይደርሳል። ስለዚህ የመክተቡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ስለ መርከብ ነው። የትኛዋ ገባች፣ የትኛዋ ከወደቡ ውጭ ወረፋ ይዛለች፣ ደማም ባለፈው ወር ምን ያህል አራገፈ፣ ጅዳስ በለጠው ወይ። ይህ ሁሉ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ የወደቦቹ መሥሪያ ቤት በየወሩ ለሰው ሁሉ ያወጣዋል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፤ ባሕሩ በሙሉ እሱ ላይ አለ፤ መርከቦቹ ትንንሽ ቀስት ሆነው ይሄዳሉ፤ ጭነት የያዙት አረንጓዴ፣ ነዳጅ የያዙት ቀይ።

ነቢል የሚባል ከየመኗ የወደብ ከተማ ከሁዴይዳ የመጣ ሰው የመክተቡ ጸሐፊ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው። ሙስጠፋ ሻይ ባቀረበ ቁጥር ከስክሪኑ ፊት ተገትሮ ሲቀር ያየዋል። አንድ ቀን «ስልክህን ወዲህ በል» ብሎ ያንኑ ካርታ በነፃ ጫነለት። እንዴት እንደሚሠራም አስረዳው። መርከቧ ራሷ ናት ስሟንና ያለችበትን እየተናገረች የምትሄደው፤ ካርታው ሰምቶ ያሳያል እንጂ ከሰማይ ሆኖ የሚያያት የለም። ሙስጠፋ ይህን ነግሮኝ ነበር። እኔም አዎ አዎ ብዬ ወደ ራቴ ተመለስኩ።

ስሙ የገነነው በካርጎ ነው። ጥቅምት ሁለት ሺህ ስድስት መጨረሻ ላይ ፈቃድ ለሌለው ሰው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ የማባረሩ ዘመቻ ሲጀመር፣ ሰው ብርድ ልብሱን፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን ለካርጎ ሱቅ ሰጥቶ እጁን ለጀዋዛት፣ ለኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ ሰጠ። ዕቃው ከጅዳ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና አገር ቤት ነው የሚሄደው። ተርሒል የሚሉት ማባረሪያ እስር ቤት ገብተው የተባረሩት አገር ቤት ቁጭ ብለው ዕቃቸውን ይጠብቃሉ፤ እኛ የቀረነው ደግሞ በስልክ እንጨቀጨቃለን። የካርጎው ሱቅ ነገ ኢንሻአላህ ከማለት በቀር መልስ የለውም። ሙስጠፋ ግን የመርከቧን ስም ከሱቁ ጠይቆ ይመጣና ስልኩ ላይ ይፈልጋታል። «ትናንት ጅቡቲ ገብታለች፤ አልተራገፈችም፣ ፊቷ ወረፋ አለ» ይላል። እንዳለውም ይሆናል። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት መልስ ክፍላችን በሰው ይሞላ ጀመር። እኔ የማርፍባት አንዲት ቀን እሷ ነበረች፤ በገዛ ፍራሼ ላይ የሰው እግር! ስንቱን ተሳድቤ አስወጥቻለሁ። እሱ ግን ደስ ይለው ነበር፤ ሻይ አፍላ ሲባል የኖረ ሰው ተከብሮ ሲጠየቅ ምን ያድርግ።

በዚያው በዘመቻው ሰሞን የሆነ አንድ ነገር ልንገርህ። ሥራ ልንወጣ ተነስተን እኔ ሰገነት ላይ ወጥቼ መንገዱን አየሁ። ጭር ብሏል። «ያላ፣ ማንም የለም» ብዬ ወረድኩ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ኑሮው ይኸው ነው፤ መንገዱ ላይ ሰው ካለ ይቀራል፣ ከሌለ ይወጣል። ሙስጠፋ ጫማውን እያሰረ በመስኮት ብቅ አለና «ዳቦ ቤቱ ለምን ተዘጋ?» አለኝ። ምን አገባኝ ዳቦ ቤቱ! «በዚህ ሰዓት አይዘጋም፤ ሰውዬው የሰማው ነገር አለ፣ አንወጣም» አለ። የቀን ሥራዬን አስቀረኸኝ ብዬ እናቱን እስክሰድብ ደረስኩ። ወዲያው ከመንገዱ ጫፍ በር ሲሰበር ሰማን። ከኛ አጠገብ የነበሩት የጉልበት ሠራተኞች ባዶ ነው ብለው ወጥተው ነበር፤ ያን ቀን ሁሉም ተርሒል ገቡ። እኛ ተረፍን። ሙስጠፋ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ከካርጎው በኋላ የጀልባ ጥያቄ መጣ። ወንድሙ ኦቦክ ላይ ያለ፣ እህቱ ልትሻገር የተነሳች፣ ሁሉም ወደኛ ክፍል። «ወንድሜ፣ እስቲ ባሕሩን እይልኝ።» ሙስጠፋ መጀመሪያ እውነቱን ነበር የሚናገረው። ጀልባ አይታይም፣ የሚታየው ትልልቁ ነው፣ የደላላ ጀልባ ስሟን እየተናገረች አትሄድም ይላል። ሰው መች ይሰማል? «እሺ፣ መርከብ ይበዛል አይበዛም?» ይሉታል። ዛሬ ትንሽ ነው ሲል እነሱ ይደውላሉ፤ ያ ልጅ በሰላም ይሻገራል፤ የካፒቴን ቃል ሆነ ማለት ነው። መርከብ ከሌለ የሚያይ የለም፣ የሚያይ ከሌለ የሚይዝ የለም። የዑድ መንገድ ሕግ ባሕር ላይ ወጣ። ሙስጠፋ ሰዎቹን ማረም ሰለቸው፤ ቆይቶም እሱ ራሱ ያንኑ ማለት ጀመረ።

በሁለት ሺህ ሰባት መጋቢት የየመን ጦርነት ተነሳ። ሪያድ ከላያችን አውሮፕላን ሲበዛ እንሰማለን፤ ቴሌቪዥኑ ከሱ በቀር ወሬ የለውም። እንግዲህ የመን አለቀለት፣ በዚያ በኩል ሰው አይመጣም ብዬ ነበር እኔ። ደላሎቹ ግን ሌላ ነገር አስወሩ። ወታደሩ ሁሉ ጦርነት ላይ ነው፣ ባሕሩንም ድንበሩንም የሚጠብቅ የለም፣ እንዲህ ያለ ጊዜ አይገኝም አሉ። ሰውም አመነ። እኔ እኮ በሰው እናደዳለሁ።

በዚህ መሀል ነው የሙስጠፋ ሚስት ሀቢባ የደወለችው። ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው ነው ጥሏት የመጣው፤ ባቲ ከናቱ ዘንድ ነው የምትኖረው። ነይ በለኝ ስትለው እምቢ ሲል፣ ና ስትለው ትንሽ ታገሺ ሲል ዓመታት ነጎዱ። ሥራ ውለን ገብተን ራታችንን እየበላን ነበር። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍቶ አነሳው።

«ኦቦክ ነኝ» አለች።

«የት?»

«ኦቦክ። ከሰፈር ልጆች ጋር መጣሁ። አትቆጣኝ፣ ሙስጤ። በስልክ ሚስት መሆን ሰለቸኝ። እናትህ ሲያዩኝ ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት ሲያየኝ ያንሾካሽካል። አሁን ባሕሩ አፍ ላይ ነኝ። ነይ ካልከኝ እሻገራለሁ፣ ተመለሺ ካልከኝ እመለሳለሁ። አንተ ታያለህ አይደል? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ስምህን ያውቃል። እይልኝ።»

ሙስጠፋ ጉርሻው እጁ ላይ ደረቀ። እሷ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰው ወደዚህ ነው የሚመጣው። የመኖች ከዚያ ማዶ በጀልባ እየመጡ ነው። ልጅ ታቅፈው፣ ፍራሽ ተሸክመው። አንዲት ሴትዮ አንድ እግሯ ባዶውን ነበር። እኛ ወደዚያ፣ እነሱ ወደዚህ።»

«እነሱ የሚሸሹት ቦምቡን ነው» አላት። «ቦምቡ ከተማ ላይ ነው። ባሕሩን አይቼ እነግርሻለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ተነሳሁበት። «ተመለሺ በላት። አሁኑኑ። ጦርነት ነው እኮ፣ ሰውዬ!» አልኩት። ፊቱን አየሁት፤ ፈርቷል፣ ግን ደግሞ ደስ ብሎታል። ሚስቱ ጥሏት ከመጣ ወዲህ እንዲህ ቀርባው አታውቅም። ማን ይጨክናል ተመለሺ ለማለት? እኔ እጨክን ነበር፤ እኔ ግን ሚስት የለኝም።

ጁምዓ ከሶላት ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተጋደመና ካርታውን ከፈተ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጥፍሬን እቆርጣለሁ። ብዙ ቆየ። በጣቱ ያሰፋል፣ ያጠባል። ከዚያ ስልኩን ወደኔ አዞረው።

«እይ» አለኝ። «ይኼ ሞካ ነው። ይኼ ሁዴይዳ። ሁዴይዳ ፊት መርከቦች ተኮልኩለው ወረፋ ይይዙ ነበር፤ ሁልጊዜ። ዛሬ አንድም የለም። እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ በዚያ ዳርቻ ማንም የለም።»

እውነቱን ነው። ወዲህ በጅቡቲ በኩል ቀስቱ ተደራርቧል፤ በዚያ በኩል ግን ሰማያዊ ብቻ ነበር። ዝም ብሎ ሰማያዊ። የዳቦ ቤቱ ነገር ለሱም ለኔም ትዝ አላለንም።

«አልወደድኩትም» አልኩት።

«አንተ ምን ትወዳለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ደወለላት። አንድ ጊዜ ጠርቶ አነሳችው።

«ነይ» አላት። «ባሕሩ ባዶ ነው። ነይ፣ ሀቢባ።»

ነፋስ ይሰማል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ኋላ «እሺ» አለች። እሺታዋ ደስታ አልነበረበትም፤ እኔ ሰምቼዋለሁ።

ከኮምፔርሳቶው ወዲያ አልጋ ተንኳኳ። ሰዒዳ ተነስታ ስትሮጥ፣ ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ሲጮህ ሰማን። «ለሚስቱ ነይ አላት!» ስትል፣ ሌላዋ «ወላሂ?» ስትል፣ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ። እስከዚያ ቀን ካፒቴን የሚናገረው ለሰው ወንድም፣ ለሰው እህት ነበር። አሁን ለገዛ ሚስቱ ነው የተናገረው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዑድ ወደ ኦቦክ ያልደወለ አልነበረም። ሙስጠፋ ይህን ሁሉ እየሰማ ነበር፤ ወጥቶ ተዉ አላለም። የሰው መተማመን ሲያዩት ደስ ይላል መሰለኝ።

ሰዒዳም ወንድሟ አደም ኦቦክ ነበር። ገና ጢም ያላወጣ፣ ስልክ የሌለው፤ እሷን የሚያገኛት በሀቢባ ስልክ ነበር፤ የአንድ ሰፈር ልጆች ስለሆኑ እዚያ ተገናኝተዋል። ሰዒዳ ማታውኑ አናገረችው። «ተሻገር፣ እሷ የምትሳፈርበት ላይ ተሳፈር» አለችው። እሱ ግን የዛሬዎቹ ጀልባዎች ሞልተዋል፣ ቦታ የለም፣ ሌላ ቀን በምትወጣው ነው የምሄደው አላት። ሰዒዳ ዕድሉን ረገመች። በኮምፔርሳቶው በኩል «ሰው ሁሉ ሲሻገር የኔ ወንድም ብቻ ይቅር!» ስትል ለባሏ ሰማናት።

በማግስቱ የሀቢባ ስልክ ዝግ ነበር። ይኼ ደንብ ነው፤ ባሕር ላይ ስልክ የለም፣ የመን ሲገቡም ደላላው ይሰበስበዋል። ሙስጠፋ እየዘፈነ ልብሱን አጠበ።

እሑድ ሥራ ገባ። የሆነውን የነገረኝ ማታ ነው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። ለነቢል ሻዩን አስቀምጦለት ስክሪኑን እያየ «ባሕራችሁ ሰላም ሆነ፣ ነቢል» ይለዋል። ነቢል በዚያ ሰሞን ሰው አያናግርም ነበር፤ እናቱ ሁዴይዳ ናት።

«ማን አለህ ሰላም?»

«ይኸው። ማንም የለም።»

ነቢል ሻዩን ሳይነካው ገፋ አደረገው። «መርከብ ወረፋዋን ጥላ የምትሄደው ፈርታ ነው» አለው። «እነዚያ ካፒቴኖች ከእናቴ በፊት ሰሙ። ከኛ ሁሉ በፊት ሰሙ። እናቴ አሁንም እዚያው ናት።»

ሙስጠፋ ቆሞ ቀረ። «የሚጠብቅም የለም እኮ» አለ። «ጦር መርከብ እንኳ አይታይም።»

«የጦር መርከብ መቼ ስሙን እየተናገረ ይሄዳል? አጥፍቶ ነው የሚሄደው። የሚተኩስ ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ይኼ ካርታ የሚያሳይህ መታየት የፈለገውን ብቻ ነው። ነግሬህ አልነበረም? አንተ ጀዋዛት ሲመጡ ስልክህን አታጠፋም?»

ይህን ነግሮኝ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ቆየና፣ «ጣሰው» አለኝ፣ «ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ነበር።»

ሌላ ሰው ቢሰማው ሰውዬው ዞረበት ይል ነበር። እኔ ግን ገባኝ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ወዲያ ሰፈር የሚኖር የሐርቡ ሰው ጓደኛው ከኦቦክ ደውሎለት ነበር። ጁምዓ ማታ የወጡት ጀልባዎች መሀል ላይ መብራት የሌለው ነገር አገኛቸው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ተኮሰባቸው። የኋለኛዋ ተበሳስታ፣ የሞተና የቆሰለ ይዛ ወደ ኦቦክ ተመለሰች። የፊተኛዋን ግን ስትቃጠል አይተዋታል። ሀቢባ ከባቲ ልጆች ጋር በፊተኛዋ እንደምትሄድ ደላላው ነግሮን ነበር። ከዚያ ወዲያ መሻገር ቆመ፤ ደላሎቹም ጠፉ።

ያን ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሙስጠፋ አላለቀሰም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይደውላል። የሀቢባን ቁጥር። ዝግ ነው ትላለች በስልኩ የተቀዳችው ሴትዮ በሦስት ቋንቋ። እንደገና ይደውላል። ስልኩን ልቀማው ብዬ ታግዬዋለሁ፤ እጄን ነከሰኝ፤ ወላሂ ነከሰኝ። በዚያች ማታ የደወሉ ሰዎች በራችን ላይ ይመጣሉ። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ አይቶት ይሄዳል። የሰደበው አንድም የለም፤ የራሱንም ሚስት ነው የበላው ብለው ነው መሰለኝ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከሁሉ ያሳዘነችኝ ሰዒዳ ናት። ከራውዳ ደክሟት ገብታ ለሱ ሾርባ ትሠራለች፤ አጠገቡ ተቀምጣ በማንኪያ ልታጎርሰው ትሞክራለች። «አላህ ያውቃል፣ ወንድሜ፣ ተስፋ አትቁረጥ፤ ስንቱ ጠፋ ተብሎ ተገኝቷል» ትለዋለች። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ሰሃኑን ስቀበላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እኔ ቦታ በማጣቱ የወንድሜን ዕድል ረግሜ ነበር፣ አየህ? አጥቶ ነው የተረፈው። ስልክ የለውም እንጂ ይደውልልኝ ነበር። እሱ ፊት ግን እንዳትናገር፤ ደስ ማለቴን ቢያውቅብኝ አፍራለሁ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሰው እንዲህ ደግ ይሆናል።

እንደገና ጁምዓ ሆነ። ሙስጠፋ ሶላት አልሄደም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ የማናውቀው የአገር ቤት ቁጥር ነው። እናቱ ስለ ሀቢባ ሊጠይቁ ነው ብዬ እኔ ላነሳው ስል እሱ ቀደመኝና ድምፁን ከፈተው።

«ሙስጤ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ባቲ ነኝ። ቤት።»

ሙስጠፋ ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊቱ አስጠጋው።

«እንዳትቆጣኝ። እሺ ብዬህ ነበር፤ ጀልባዋ ዘንድም ወርጄ ነበር። ግን እነዚያ የመኖች አሁንም ይመጣሉ፤ አንዷ ሴትዮ እጄን ይዛ በአረብኛ የማልሰማውን ስትለፈልፍ፣ ስትለፈልፍ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ተመለስኩ። በእግርም በመኪናም፣ ስንት ቀን። ቃልህን ጣልኩ፣ ይቅር በለኝ።»

ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ሙስጠፋ በግንባሩ ወለሉ ላይ ተደፋ፤ ሰጅዳ ወርዶ አልተነሳም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ እንደ ሳቅም እንደ ልቅሶም ነው። እኔም አማተብኩ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ሰዒዳ ሰምታ እልል አለች። ቤቱ በሙሉ ተቀበላት። እየሮጠች ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል።

ስልኩን አንስቼ ድምፁን ዘግቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት፤ በጩኸቱ መሀል አልሰማ ብሎኝ።

«ሀቢባ፣ ጣሰው ነኝ» አልኳት። «ገድለሽን ነበር እኮ። ስልክሽስ ለምን ተዘጋ? ሳምንቱን ሙሉ ስንደውል!»

«ስልኬን ለአደም ሰጠሁት» አለች። «የሰዒዳን ወንድም። ቦታዬንም ለሱ ሰጠሁት፤ ቦታ አጥቶ ሲያለቅስ ነበር። ካፒቴን ለሚስቱ ያየላት ባሕር ለኔም ይሁነኝ ብሎ እጄን ሳመኝ። የሙስጤ ቁጥርና የሰዒዳ ቁጥር እዚያ ላይ አለ፣ እንደደረስክ ደውልላቸው፣ እኔም መመለሴን ንገርልኝ ብዬው ነበር። አልደወለም እንዴ?»

በሩ ተከፈተ። ሰዒዳ ገባች፤ እጇ ዱቄት ነው፣ ከኋላዋ የቤቱ ሴቶች ሁሉ። ሙስጠፋን ከወለሉ ላይ ልታነሳው ትጎትተዋለች፤ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አላልኩህም? አላልኩህም?» ትለዋለች። እሱ ፊቱ በእንባ ርሶ ቀና አለና ወደኔ አየ፤ ገና እየሳቀ ነበር። የኔን ፊት ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«ጣሰው፣ ሃሎ?» ትላለች ሀቢባ በጆሮዬ። «አደም ደረሰ ወይ?»

«እስቲ አምጣት እኔም ላናግራት» አለች ሰዒዳ። «እዚያ ስትወጣ ወንድሜን አይታው ይሆናል።» እጇን ዘረጋች። ልከለክላት ነበር፤ በምን ብዬ እንደምከለክላት አላወቅኩም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ዱቄቱን በቀሚሷ ጠረገችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ሀቢባዬ» አለች፣ ፊቷ በሙሉ እየሳቀ፣ «እንኳን አላህ አተረፈሽ።»